የታመመችውን ፍየል ያሳየ ለምን ይቀጣል?

አንድ ነጋዴ ኬላ ላይ ደርሶ «ይቺ ፍየል ጨንግፋለች፣ እዩልኝ» ቢል መንጋው በሙሉ ይታገዳል። መኖና ውኃ ከኪሱ ይወጣል፤ እንስሳቱ ይከሳሉ፤ መርከቡም ያመልጠዋል። የራሱን ፍየል ሌሊት ለደላላ ሸጦ ዝም ያለው ባልንጀራው ግን በማግሥቱ ገንዘቡን ቆጥሮ ይመለሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ በገበያችን የሚከፈለው ግን የደበቀው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በአይጦችና በእርግቦች እንዳሳየው፣ ሽልማት የሚያስገኝ ድርጊት ይደጋገማል። ሽልማቱ አልፎ አልፎ ሲመጣ ደግሞ ልማዱን መተው ይብስ ይከብዳል። ኮንትሮባንድም እንዲሁ ነው፤ አንዴ ይያዛል፣ ሁለቴ ያልፋል፣ ያለፈው የተያዘውን ያስረሳል።

ትልቁ ቅጣት ዘግይቶ ይመጣል፤ ጥፋተኛውንም አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሳዑዲ ዓረቢያና የመን ሲገባ የባሕረ ሰላጤው ገበያ ለቀንዱ እንስሳት ተዘጋ። ሳዑዲ ለሶማሊያ እንስሳት የከፈተችው በ2009 ነው። ዘጠኝ ዓመት! ጤነኛ መንጋ የነበረውም አብሮ ከሰረ።

ስለዚህ ኬላ ላይ ቅጣት መጨመር ብዙም አይለውጥም ባይ ነኝ። የተናገረው ይካስ፤ ምርመራው በነፃ ይሁን፤ ቀሪው መንጋ ነፃ ከተባለ ተራው ሳያልፈው ይሂድ። ካሳው የታመመ እየገዛ የሚያመጣ እንዳይፈጥር ከገበያ ዋጋ ትንሽ ዝቅ ይበል፤ ነገር ግን በዕለቱ እጁ ይግባ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለኝ፣ በየኬላው ከምትከፍሉት ቀረጥ ጥቂቱ ለዚሁ ይቀመጥ እላለሁ።