የቴክኖሎጂ ሥራ አመራር ትምህርት ለመሐንዲስ

የቴክኖሎጂ ሥራ አመራር (የቴክኖሎጂ ማኔጅመንት) አንድ ድርጅት የሚያስፈልገውን ቴክኖሎጂ እንዴት እንደሚመርጥ፣ ከየት እንደሚያገኝ፣ እንዴት እንደሚጠቀምበትና መቼ እንደሚተወው የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በተለይ የታሰበው በምህንድስና ወይም በሳይንስ ተመርቀው ጥቂት ዓመታት ለሠሩ ሰዎች ነው።

አመጣጥ

መሐንዲስ በሥራው ሲያድግ አለቃ መሆኑ የቆየ ልማድ ነው፤ ለዚያ የሚያዘጋጀው ትምህርት ግን ዘግይቶ መጣ። በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) በሥራ ላይ ላሉ ባለሙያዎች የሥራ አመራር ትምህርት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። የምህንድስናና የሥራ አመራር ትምህርት ቤቶቹ በጋራ ይሰጡት የነበረውን የቴክኖሎጂ ሥራ አመራር ማስተርስ የከፈተው ግን ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1981 ነበር። በ1987 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ባወጣው ሪፖርት ዘርፉ ምህንድስናን፣ ሳይንስንና ሥራ አመራርን የሚያገናኝ መሆኑን ገልጿል።

ለመሐንዲሱ የሚጨምረው ነገር

በመጀመሪያ ዲግሪ መሐንዲሱ የሚማረው በዋናነት «ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነው። በሥራ ዓለም ከፍ እያለ ሲሄድ ግን የሚጠየቀው «ያዋጣል ወይ? አሁን ነው ወይ? ማን ይጠግነዋል?» ተብሎ ነው።

ልዩነቱን በስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ፋብሪካ ሁለት የውኃ ፓምፖች ቀረቡለት እንበል። ሁለቱም ሥራውን እኩል ይሠራሉ። ሁለተኛው በ600,000 ብር ይወደዳል፤ በምትኩ በየዓመቱ 150,000 ብር የሚያወጣ መብራት ይቆጥባል። መሐንዲሱ የ10 ዓመቱን ቁጠባ ደምሮ 1,500,000 ብር ያገኝና ሁለተኛው ይገዛ ይላል። የፋይናንስ ክፍሉ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የሚገኝ ብር ዛሬ በእጅ ካለው ብር ጋር እኩል አይደለም ብሎ ይከራከራል። ድርጅቱ ገንዘቡን የሚተምንበት ወለድ በዓመት 15 በመቶ ከሆነ የ10 ዓመቱ ቁጠባ በዛሬ ዋጋ 753,000 ብር ገደማ ነው፤ መሐንዲሱ ትክክል ነው። ወለዱ 25 በመቶ ከሆነ ግን ቁጠባው ወደ 536,000 ብር ይወርዳል፤ ውዱ ፓምፕ አያዋጣም። የመብራት ታሪፍ ይጨምራል ተብሎ ከተጠበቀ ደግሞ ውጤቱ እንደገና ሊገለበጥ ይችላል። ይህን ስሌት የማያውቅ መሐንዲስ ሐሳቡ ለምን እንደወደቀ ሳይገባው ከስብሰባ ይወጣል። የሚያውቀው ግን የታሪፉን ጉዳይ ራሱ አንሥቶ ይከራከርበታል።

ሁለተኛው ትምህርት ጊዜን የሚመለከት ነው። የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሶን የመጀመሪያው እየተባለ የሚጠራውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ኩባንያው ግን ትርፉን የሚያገኘው ከፊልም ስለነበር ከፊልም ንግዱ ለመላቀቅ ተቸገረ፤ በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቴክኖሎጂውን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። የጠፋው አዲሱን ቴክኖሎጂ ከድርጅቱ የገቢ ምንጭ ጋር የሚያስታርቅ ውሳኔ ነው። ክሌይተን ክሪስተንሰን በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለው ውድቀት በደንብ የሚመሩ ኩባንያዎችን ጭምር እንደሚያጋጥም አስረድቷል፤ መጽሐፉም በዘርፉ ከታወቁት አንዱ ነው።

ቴክኖሎጂ ከውጭ በምታስገባ አገር

ከላይ ያሉት ምሳሌዎች ቴክኖሎጂ ለሚፈጥር ወይም እንደ ልቡ መርጦ ለሚገዛ ድርጅት ይስማማሉ። እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ግን ትልቁ ጉዳይ የተገዛውን ማላመድ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂና የኢኖቬሽን ፖሊሲም ትኩረቱ የውጭ ቴክኖሎጂን መርጦ መማር፣ ማላመድና መጠቀም ላይ ነበር።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ጥሩ ማሳያ ነው። መስመሩ በ41 ባቡሮች ቢጀምርም፣ በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆመዋል። መለዋወጫ ከየት ይመጣል፣ በምን ምንዛሪ ይገዛል፣ የትኛው ዕቃ አገር ውስጥ ሊሠራ ይችላል፣ የጥገና ሰነዱና ሥልጠናው ለማን ይሰጣል የሚሉት ጥያቄዎች ባቡር ከቆመ በኋላ ሲነሡ ውድ ናቸው፤ ቦታቸው የግዢ ውል ድርድር ላይ ነው። በድርድሩ ላይ ደግሞ ማሽኑንም ውሉንም ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ኮኸንና ሌቪንታል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት፣ አንድ ድርጅት ከውጭ የመጣን ዕውቀት መጠቀም የሚችለው አስቀድሞ በውስጡ ባለው ዕውቀት ልክ ነው።

ከሥራ ጋር አጣምሮ መማር

ትምህርቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሥራ ሳይለቁ፣ በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ ሲማሩት ነው። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በራሱ መሥሪያ ቤት ችግር ላይ ቢሠራ፣ ለምሳሌ ተደጋግሞ የሚበላሽ የማምረቻ መስመር ይጠገን ወይስ ይተካ ብሎ ቢያጠና፣ ከምስክር ወረቀቱ በፊት ለአለቆቹ የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል። ዕድገቱም ብዙውን ጊዜ ወደ ፕሮጀክት፣ ወደ ምርት፣ ወደ ቴክኒክ ግዢ ወይም ወደ ምርምር ክፍል ኃላፊነት ያመራል። ገና ለተመረቀና ሥራ ላልቀመሰ ግን የክፍሉ ውይይት ባዶ ቃል ሊሆንበት ይችላል።

ከቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ (ኤም.ቢ.ኤ.) የሚለየው ጠበብ ማለቱ ነው፤ ከንግድ ሥራ በአጠቃላይ ይልቅ በቴክኖሎጂ ላይ ያተኩራል። ንድፍና ስሌት የሚወድ መሐንዲስ በሙያው የሚቀጥል ማስተርስ ቢመርጥ አልተሳሳተም። አንዳንድ ኩባንያዎች ሁለት የዕድገት መሰላል አላቸው፦ አይ.ቢ.ኤም. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከፍተኛ ባለሙያዎቹን ክፍል እንዲመሩ ሳያስገድድ «ፌሎው» በሚል ማዕረግ ያሳድጋል። መሰላሉ አንድ ብቻ በሆነበት መሥሪያ ቤት ግን ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ በአመራር በኩል ነው።