የሠራተኛው ድምፅና የማኅበሩ ገንዘብ

የሠራተኛ ማኅበር ጉዳዩ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ነው፤ ታዲያ በምርጫና በምክር ቤት ምን አገባው? ይህ ጥያቄ በተማሪዎችም ሆነ በመሥሪያ ቤት ሰዎች ዘንድ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በግምት ላይ ይቀራል። ነገሩ ግን ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር በፍርድ ቤትም በምርጫም የተፈተነ ስለ ሆነ፣ ታሪኩን መመልከት ከግምት ይሻላል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1900 ዓ.ም. በደቡብ ዌልስ የታፍ ቬል ምድር ባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ኩባንያውም ማኅበራቸውን ከሰሰ። በዚያ ዘመን የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የመኳንንቱ ምክር ቤት፣ ማኅበሩ በአድማው ምክንያት ለደረሰው ኪሣራ በገንዘቡ ተጠያቂ እንዲሆን በ1901 ፈረደ። ካሣው 23,000 ፓውንድ ነበር፤ የክርክሩ ወጪ ሲጨመርበት 42,000 ገደማ ደረሰ።

የፍርዱ ትርጉም ለማንም ግልጽ ነበር። አድማ ማድረግ ባይከለከልም፣ እያንዳንዱ አድማ የማኅበሩን ሣጥን የሚያራቁት ከሆነ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ሕጉን መለወጥ ነበር፤ ሕግ ደግሞ የሚወጣው በፓርላማ ነው።

ሠራተኞችን ወደ ፓርላማ የሚልክ አንድ ኮሚቴ በየካቲት 1900 በለንደን ተቋቁሞ ነበር፤ ጸሐፊውም ራምሴይ ማክዶናልድ ነበር። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ያስመረጠው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እነርሱም በልጅነቱ በማዕድን ጉድጓድ የሠራው ኪር ሃርዲና የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሪቻርድ ቤል ናቸው። ከታፍ ቬል ፍርድ በኋላ ግን ሲያመነቱ የቆዩት ማኅበሮች ወደ ኮሚቴው ጎረፉ። በ1906 ምርጫ 29 እንደራሴዎች አገኘ፤ ስሙንም የሠራተኛ ፓርቲ አለ። የማኅበሮችን ገንዘብ ከእንዲህ ያለው ክስ የሚጠብቀው ሕግም በዚያው ዓመት ወጣ። እርግጥ 29 ሰዎች ከ670 መካከል ብቻቸውን ሕግ አያወጡም፤ ነገር ግን ሥልጣን ከያዘው ከሊበራል ፓርቲ ብዙዎቹ የሠራተኛውን ድምፅ ፈልገው በምርጫው ጊዜ ቃል ገብተው ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በዚያ ጊዜ የፓርላማ አባል ከመንግሥት ደመወዝ አያገኝም ነበር። ስለዚህ ሠራተኛ እንደራሴ ሲሆን የሚኖረው ማኅበሩ ከአባሎቹ መዋጮ በሚሰጠው ገንዘብ ነበር። የዚያው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር የአንድ ቅርንጫፍ ጸሐፊ የነበረው ኦዝቦርን ይህን ተቃወመ። እርሱ የሊበራል ፓርቲ ደጋፊ ስለ ነበር፣ መዋጮው ላልመረጠው ፓርቲ መዋሉ አላስደሰተውም። ማኅበሩን ከሰሰ፤ በ1909ም ረታ። ብዙ ጓደኞቹ ተቆጡት፤ ጥያቄው ግን ከቁጣ በላይ ነበር።

መልሱም በሁለት ደረጃ መጣ። በ1911 ለፓርላማ አባሎች በዓመት 400 ፓውንድ ደመወዝ ተወሰነ። በ1913 ደግሞ ማኅበር በፖለቲካ እንዲሳተፍ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ነገር ግን አስቀድሞ አባሎቹ በምስጢር ድምፅ እንዲስማሙ፣ የፖለቲካው ገንዘብ ለብቻው እንዲቀመጥ፣ አልከፍልም ያለ አባልም ከማኅበሩ ጥቅም እንዳይጓደልበት አዘዘ። በ1927 ሕጉ ጠብቆ፣ የሚከፍለው ፈቃዱን በጽሑፍ የሰጠ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ በ1946 ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ አላለቀም።

ሁለቱም ክሶች የተነሡት በአንድ ማኅበር ላይ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያው፣ ሠራተኛው ሕግ ከሚወጣበት ቦታ ርቆ እንጀራውን ሊጠብቅ እንደማይችል አስተማረ። ሁለተኛው ደግሞ፣ ስለ ሠራተኛው መብት የሚታገል ማኅበር የአንዱን አባል ኅሊና ረግጦ ሊያልፍ እንደማይገባው አስተማረ። ነገ በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትይዙ፣ ደንብም የምታረቅቁ ወጣቶች ሆይ፣ የትኛውን እጩ እንደግፍ ከማለታችሁ በፊት፣ የማይደግፈው አባል መብቱ በየትኛው አንቀጽ እንደ ተጠበቀ ጠይቁ።