ለትምህርት ባሕር ማዶ መሻገር

ለከፍተኛ ትምህርት ከአገሩ የሚወጣ ተማሪ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ልብሱንና መጻሕፍቱን ይከታል፤ ቋንቋውን፣ ልማዱንና የጊዜ አቈጣጠሩን ግን ሳያስበው ይዞ ይሄዳል። በሰው አገር አስቀድመው የሚፈተኑትም እነዚሁ ናቸው። ይህ ዕድል ነገ ለእናንተም ሊደርሳችሁ ስለሚችል፣ በውጭ አገር የሚማር ሰው የሚያጋጥሙትን ነገሮች በሦስት ከፍለን እንመልከት።

የመጀመሪያው ቋንቋ ነው። በክፍል ውስጥ በመጽሐፍ የተጠና ቋንቋ በመንገድና በገበያ ሲነገር እጅግ ፈጥኖና ተለውጦ ይሰማል። ቃሉን ለመለየት የሚታገል ተማሪ ደግሞ የመምህሩ አሳብ ያመልጠዋል። ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ወደ ዋናው ትምህርታቸው ከመግባታቸው በፊት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ የሩስያን ቋንቋ ይማሩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወደ ኩባ የተወሰዱት ልጆችም በስፓኒሽ ቋንቋ ተምረዋል። ከእነርሱም ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ ነበሩ። የወጣቶች ደሴት በተባለው ስፍራ ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን ቀን በፍራፍሬ እርሻ እያሳለፉ ያደጉት እነዚህ ልጆች ቋንቋውን እንደ ሁለተኛ አፍ መፍቻ አድርገው ይዘውት ተመልሰዋል።

ሁለተኛው ልማድ ነው። ከዚህ ላይ ትንሽ የሚመስል ነገር ትልቅ ችግር ያስከትላል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የውጭ አገር መምህር ተማሪውን «በሦስት ሰዓት ና» ቢለው፣ ሊል የፈለገው በእኛ አቈጣጠር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ይችላል። የልደት ዘመኑን ሳያመሳክር በእኛ አቈጣጠር የሚጽፍ ተማሪም በቅጹ ላይ ዕድሜውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረዝመዋል። የአየሩም ጠባይ እንዲሁ እንግዳ ነው። በስኮትላንድ ከተማ በኤዲንብራ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ወጥታ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ሊስተካከል ጥቂት በሚቀረው አገር ላደገ ሰው ይህ ጨለማ ናፍቆቱን ያብስበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የክፍሉ ሥርዓት ነው። በእኛ ዘንድ በታላቅ ፊት ዝም ብሎ ማዳመጥ ጨዋነት ነው። በብዙ የምዕራብ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ግን መምህሩን የማይጠይቅና የማይከራከር ተማሪ ትምህርቱ እንዳልገባው ይቈጠራል። ብልህ ተማሪ አክብሮቱን ሳይጥል አሳቡን በግልጥ መናገርን ይለማመዳል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጕዳይ መመለስ ነው። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ይህን በሚገባ ያስረዳል። ሐኪም ወርቅነህ በሕፃንነታቸው፣ ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ጕዞው በፈቃዳቸው የተደረገ አልነበረም። በዚያም አድገው በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በኋላም በኤዲንብራ ትምህርታቸውን አስፋፉ። ከአድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው መጥተው ከዘመዶቻቸው ጋር ሲገናኙ ግን አማርኛ መናገር አይችሉም ነበር። ወገናቸውን ያነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ነገር ግን የጠፋውን ቋንቋ እንደ ገና ተምረው በሽተኞችን አከሙ፤ በተማሪ ቤት አገለገሉ፤ በአማርኛም የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ።

ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ወዲያው ወደ አገራቸው ተመልሰው በፋሺስት ወረራ ጊዜ ቍስለኞችን አከሙ። ከዚያም እንደ ገና አሜሪካ ሄደው ለኢትዮጵያ ድጋፍ ሲያሰባስቡ ቈይተው፣ አገራቸው ነጻ ስትወጣ ሳያዩ በ1932 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ።

እርግጥ ነው፣ የሄደ ሁሉ አልተመለሰም። አንዳንዱን የፖለቲካ ሥጋት፣ አንዳንዱን የተሻለ ኑሮ፣ አንዳንዱን ደግሞ በዚያ የመሠረተው ቤተ ሰብ አስቀርቶታል። ስለዚህ ሰውን በመቅረቱ ብቻ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ነው። ዳሩ ግን የሁለቱ ሐኪሞች ሕይወት አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ትምህርት ባለቤቱን ከወገኑ ጋር የሚያገናኘው ወገኑ በሚገባው ቋንቋ ሲገለጥ ነው። እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት የሰውን አገር ቋንቋ በርትታችሁ አጥኑ፤ የራሳችሁንም አጥርታችሁ ያዙ። በባሕር ማዶ የምትማሩትን ለእናታችሁ በምትረዳው አማርኛ ማስረዳት ከቻላችሁ፣ በእርግጥ ተምራችኋል ማለት ነው።

መልመጃ

1. ጸሐፊው በውጭ አገር የሚማር ሰው የሚያጋጥሙትን ነገሮች በስንት ከፈላቸው? እያንዳንዳቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ግለጹ።
2. ሐኪም ወርቅነህ ከዘመዶቻቸው ጋር ሲገናኙ በአስተርጓሚ መነጋገራቸው ምን ስሜት ያሳድራል? በአንድ አንቀጽ አብራርታችሁ ጻፉ።