ባሕረ ሐሳብ፤ ከአብነት ትምህርት ቤት እስከ እጅ ስልክ

ባሕረ ሐሳብ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ የዘመን አቆጣጠር ትምህርት ሲሆን፣ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ከሳምንቱ ዕለታት ጋር አስማምቶ በየዓመቱ ቀናቸው የሚለዋወጠውን አጽዋማትና በዓላት የሚወስን የስሌት ሥርዓት ነው። ትውፊቱ ድርሰቱን ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጣል፤ የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ የነበረው ኦቶ ኖይገባወር በበኩሉ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የጥንቱን የእስክንድርያ ስሌት ጠብቀው ማቆየታቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ቅርስ በአደባባይ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ውዳሴ ነው፤ ይሁን እንጂ ትምህርቱ ዛሬም የሚሠራ ስልት በመሆኑ፣ ከሚያሞግሰው ይልቅ አንድ ዓመት ወስዶ የሚያሰላው ሰው ይበልጥ ይረዳዋል።

የስሌቱ መነሻ በፀሐይና በጨረቃ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ሲሆን፣ 30 እና 29 እየሆኑ የሚፈራረቁት 12ቱ የጨረቃ ወራት ግን 354 ቀን ብቻ ስለሆኑ፣ ልዩነቱ በየዓመቱ 11 ቀን ይሆናል፤ ይህ ትርፍ እየተደመረ ሄዶ 30 በሞላ ቁጥር ሲገደፍ፣ ማለትም 30ው እየተነሣ ሲጣል፣ የሚቀረው ቁጥር አበቅቴ ይባላል፤ አበቅቴን 30 የሚሞላው ቁጥር ደግሞ መጥቅዕ ነው። ሁለቱ ብርሃናት ንኡስ ቀመር በሚባለው የ19 ዓመት ዑደት ወደ ተነሡበት ስለሚመለሱ፣ ተማሪው በቅድሚያ ማወቅ ያለበት የተፈለገው ዓመት በዚህ ዑደት ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ነው።

የ2018 ዓ.ም. ስሌት ለምሳሌ ሊወሰድ ይችላል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲጨመር፣ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል፤ የተያዘው ዘመን ገና ስላልተፈጸመ ከዚህ ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ይመጣል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ የሁለቱ ድምር 30 ካልመጣ የተሳሳተው ተማሪ ስሕተቱን ወዲያው ያውቃል። መጥቅዕ እንደ ወር ቀን ተቆጥሮ፣ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም፣ ሲያንስ በጥቅምት ይውላል፤ 14 ራሱ በዑደቱ ውስጥ ፈጽሞ ስለማይገኝ አከራካሪ ዓመት የለም። መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ስለዋለ፣ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 7 ተደምሮበት መባጃ ሐመር የሚባለው ድምር 25 ይሆናል፤ በዚህም ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው መደመር ብቻ ነው፤ 14 ሲጨመር ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ 69 ሲጨመር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል።

ተውሳኮቹ ከቅዳሜ 8 ተነሥተው በየዕለቱ አንድ እየቀነሱ ዓርብ ላይ 2 የሚደርሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጳጉሜን በቀር ወራቱ ሁሉ እኩል 30 ቀን ስላላቸው፣ ከመስከረም እስከ ጥር ወይም ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ርቀት ሁልጊዜ 120 ቀን፣ ይኸውም 17 ሳምንት ከአንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ መስከረም 18 እሑድ ከዋለ ጥር 18 ሰኞ ይሆናል፤ 7 ሲደመርበትም ዕለቱ ያው ሰኞ ነው። በሌሎቹ ዕለታትም ውጤቱ አንድ ስለሆነ ነነዌ ከሰኞ አይወጣም። ክፍልፋይ ቁጥርም ሆነ ሰማይ የሚለካ መሣሪያ ሳያስፈልግ፣ በቃል በተያዙ ጥቂት ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ይህን ማሳካት ከፍ ያለ የሒሳብ ብስለት የጠየቀ ሥራ ነው።

ውጤቱ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ይዘልቃል። ትንሣኤ የሚውልበት ቀን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ስለሚዘረጋ፣ የዐቢይ ጾም መግቢያም አብሮት ይንሸራተታል፤ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 የገባው ጾም በ2018 የካቲት 9 በመግባቱ፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው የሠርግ ወራት በሦስት ሳምንት ገደማ አጥሯል፤ ሥጋ ቤቱ፣ ወተት አቅራቢውና ድንኳን አከራዩ ሥራቸውን የሚያቅዱት ይህን እያዩ ነው። የታሪክ ተመራማሪም ይጠቀምበታል፤ ብዙ የብራና ጸሐፍት ሥራቸውን የፈጸሙበትን ጊዜ ሲመዘግቡ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ዓመቱ የተሰየመበትን ወንጌላዊ ስምና አበቅቴውን ስለሚጨምሩ፣ አንዱ ከሌላው ካልተስማማ የተሳሳተው ቁጥር ይጋለጣል።

ዛሬ የኮምፒውተርና የእጅ ስልክ መርሐ ግብሮች የሚከተሉት የዩኒኮድ ደረጃም የኢትዮጵያን አቆጣጠር በዓመተ ምሕረትና በዓመተ ዓለም ለይቶ ይዟል። ስልኩ ቀኑን ሲያሳይ ምክንያቱን ስለማያሳይ ግን፣ የመምህሩን ቦታ ሊተካ አይችልም።

ሥርዓቱ የራሱ ወሰን አለው። የ19 ዓመቱ ዑደት ከእውነተኛዋ ጨረቃ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ስለሚለይ፣ በስሌቱ ሙሉ የምትባለው ጨረቃ ዛሬ በሰማይ ከምትታየው በጥቂት ቀናት ትዘገያለች፤ ይህም በየጊዜው እየታየ የሚያከራክር ምልከታን ትቶ ሁሉን የሚያስማማ ስሌት መምረጥ ያስከተለው ዋጋ ነው። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ጳጉሜን 6 መሆኗም ያለማቋረጥ የሚቀጥል ሲሆን፣ የጎርጎርዮሱ አቆጣጠር ግን በ2100 እ.ኤ.አ. የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ይዘላል፤ በዚህም ምክንያት የ2093 ዓ.ም. መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12፣ የዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ደግሞ ጃንዋሪ 8 ላይ ያርፋሉ። ዕንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 11፣ ገናን ጃንዋሪ 7 ብለው በቋሚነት የጻፉ መርሐ ግብሮች በዚያ ጊዜ የተሳሳተ ቀን ያወጣሉ።