ወንዱ መኪና፣ ሴቷ እቃቃ፦ የልጆች ዝንባሌ ከየት ይመጣል?

ባሕር ዳር፦ መንገድ የሚሠራበት ወይም የሕንጻ መሠረት የሚቆፈርበት ቦታ ተመልካች አያጣም። ኤክስካቫተሩ ክንዱን ዘርግቶ አፈር ሲዝቅ፣ ሲኖትራኩ ድንጋይ ሲገለብጥ፣ ሮለሩ መሬቱን እየጠቀጠቀ ሲመላለስ ከዳር ቆመው የሚመለከቱ ሕጻናት አሉ። አንዳንዱ ገና አፉን በቅጡ ሳይፈታ የዶዘርን ድምፅ ከሩቅ ለይቶ ያውቃል። ወላጁ እጁን ይዞ ሲጎትተውም አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይሄዳል።

የጣና ዳርቻ ልጆች በእነዚህ ዓመታት ብዙ የሚያዩት ነገር አግኝተዋል። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲገነባ ከባድ ማሽኖች ለዓመታት ከወንዙ ዳር አልተለዩም። ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ወደ ጣና ሐይቅ የተጓዘችው «ጣናነሽ 2» ጀልባም በምታልፍባቸው ከተሞች ትልቁንም ትንሹንም ከቤት አውጥታለች። በገጠር ደግሞ ትራክተርና ኮምባይነር ወደ መንደር ሲገቡ ልጆች ከኋላ ተከትለው ይሮጣሉ።

ልጆች ያዩትን ይሠራሉ። ሽቦ አጣምመው፣ ቆርቆሮ ቆርጠው፣ የለስላሳ ቆርኪ ጎማ አድርገው መኪና ያበጃሉ። ከጭቃ በሬ፣ ከደንገል ትንሽ ታንኳ ይሠራሉ። እዚያው ሰፈር ውስጥ ሌሎች ልጆች ደግሞ በገልና በጣሳ እቃቃ ይጫወታሉ፤ ከአፈር እንጀራ ይጋግራሉ፤ ከጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት አዝለው ያስተኛሉ። እነዚያ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶች፣ እነዚህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? አንዳንዱ ሰው «ተፈጥሮ ነው፤ ወንድ ልጅ ሲወለድም እንዲሁ ነው» ይላል። ሌላው «እኛው ነን ያስተማርናቸው» ብሎ ይሟገታል። ክርክሩ የቡና ላይ ወግ ብቻ አይደለም። ልጅ በጨዋታ የለመደው ነገር ነገ በሚመርጠው ትምህርት፣ በሚሠራው ሥራና በሚያገኘው እንጀራ ላይ ድርሻ አለው። ስለዚህም ተመራማሪዎች ጉዳዩን ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሲመረምሩት ቆይተዋል።

በመጀመሪያ፣ የትልልቅ ተሽከርካሪዎች ፍቅር የጥቂት ልጆች ጠባይ አይደለም። በአሜሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ በ2007 የታተመ ጥናት ከትንንሽ ልጆች መካከል አንድ ሦስተኛ የሚኾኑት በአንድ ነገር ላይ እጅግ የበረታ ፍላጎት እንደሚያሳዩ አመልክቷል። ፍላጎቱ በብዛት የሚጀምረው ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። ከእነዚህ ፍላጎቶች መካከል ተሽከርካሪ ዋነኛው ሲኾን፣ እንዲህ ያለው የበረታ ፍላጎት በወንዶች ላይ ጎልቶ ታይቷል።

ማሽኑ ልጅን የሚስብበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። የሚንቀሳቀስ፣ የሚጮኽና ግዙፍ ነገር የማንኛውንም ሕጻን ዓይን ይይዛል። በዚያ ላይ የማሽን ሥራ ጥርት ያለ ነው፤ ክንዱ ሲወርድ አፈሩ ይነሣል፣ ሳጥኑ ሲዘነብል ድንጋዩ ይፈስሳል። አንድ ነገር ሌላውን እንዴት እንደሚያስከትል ገና እየተማረ ላለ ልጅ ይህ በዓይን የሚታይ ትምህርት ነው። ይሁንና ይህ ምክንያት ለወንድም ለሴትም እኩል የሚሠራ በመኾኑ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አያስረዳም።

ልዩነቱ በተፈጥሮ ሥር አለው የሚሉ ወገኖች የሚጠቅሱት አንዱ ማስረጃ ከጦጣ የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ በ2002 የታተመ ጥናት በጣና ዳር ደኖች ከሚታዩት ጦጣዎች ጋር የቅርብ ዝምድና ያላቸውን 88 ጦጣዎች ተመልክቷል። ግማሾቹ ወንድ፣ ግማሾቹ ሴት ነበሩ። ወንዶቹ ከመኪናና ከኳስ ጋር፣ ሴቶቹ ደግሞ ከአሻንጉሊትና ከድስት ጋር ረዘም ያለ ጊዜ አሳልፈዋል። ለሥዕል መጽሐፍና ከጨርቅ ለተሠራ ውሻ ግን ሁለቱም ተመሳሳይ ጊዜ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ በ2008 በሌላ የዝንጀሮ ዘር ላይ የተደረገ ጥናትም ወንዶቹ ጎማ ያላቸውን መጫወቻዎች እንደሚያስበልጡ፣ ሴቶቹ ግን ግልጽ ምርጫ እንደሌላቸው አሳይቷል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሕክምና የመጣ ነው። በኩላሊት አናት ላይ የሚገኘው አድሬናል የተባለው ዕጢ ከመወለዳቸው በፊት በትክክል ባለመሥራቱ፣ በማኅፀን ሳሉ በወንዶች ላይ የሚበዛውን ሆርሞን ከመጠን በላይ የሚያገኙ ሴት ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች እንደ ሌሎች ሴቶች ቢያድጉም ሕመሙ ከሌለባቸው እህቶቻቸውና የቅርብ ዘመዶቻቸው ይልቅ በመኪናና በመገጣጠሚያ መጫወቻዎች መጫወትን እንደሚያዘወትሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። ወላጆቻቸው የሴት የሚባለውን መጫወቻ እንዲይዙ ሲያበረታቷቸውም ዝንባሌው አልጠፋም። ይህም ሆርሞን ከመወለድ በፊት የራሱን አሻራ እንደሚያሳርፍ ያመለክታል።

ማስረጃው ግን ወሰን አለው። ጦጣ ወጥ አትሠራም፤ መኪናም አትነዳም። ሴቷ ጦጣ ድስቱን የመረጠችው ጓዳ ስለምትወድ ሊኾን አይችልም። ምርጫው ከቅርጽ፣ ከቀለም ወይም ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዘ ሊኾን ይችላል። በሕጻናት ላይ የተደረገ ሌላ ጥናትም ነገሩን ያወሳስበዋል። እ.ኤ.አ በ2010 በታተመው በዚህ ጥናት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያሉ ሕጻናት የመኪናና የአሻንጉሊት ሥዕል ጎን ለጎን ታይቷቸዋል። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበልጥ መኪናውን፣ ሴቶቹም ከወንዶቹ ይበልጥ አሻንጉሊቱን ተመልክተዋል። ነገር ግን አንድ ዓመት የኾናቸው ወንዶች ራሳቸው ከመኪናው ይልቅ አሻንጉሊቱን አብልጠው ይመለከቱ ነበር። ሰማያዊ ለወንድ፣ ሐምራዊ ለሴት የሚባለው የቀለም ምርጫ ደግሞ በእነዚህ ሕጻናት ላይ ጨርሶ አልታየም።

በሌላ በኩል የአዋቂዎች እጅ ምን ያህል ቀድሞ እንደሚገባ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በእንግሊዝ ተደርጎ እ.ኤ.አ በ1978 በታተመ ሙከራ እናቶች የማያውቁትን የስድስት ወር ሕጻን እንዲያጫውቱ ተደረገ። ሕጻኑ አንዳንዴ በራሱ ጾታ፣ አንዳንዴ ደግሞ በሌላው ጾታ ልብስና ስም ይቀርብላቸው ነበር። እናቶቹ መጫወቻ ያቀረቡለት በልብሱና በስሙ መሠረት ነው። ወንድ ለመሰላቸው አንዱን፣ ሴት ለመሰለቻቸው ሌላውን ሰጥተዋል፤ ልጁ ግን ያው አንድ ልጅ ነበር።

እ.ኤ.አ በ2000 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የ11 ወር ሕጻናት እናቶችን ልጃቸው ምን ያህል ተዳፋት የኾነ መወጣጫ ላይ በዳዴ መሄድ እንደሚችል እንዲገምቱ ጠየቀ። የወንዶቹ እናቶች ከልጃቸው ዐቅም በላይ ገመቱ፤ የሴቶቹ እናቶች ደግሞ ከልጃቸው ዐቅም በታች። ሕጻናቱ በመወጣጫው ላይ ሲፈተኑ ግን በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም። «ትወድቂያለሽ» የሚለው ቃል ልጅቱ ሳትሞክር በፊት ቀድሟት ደርሷል ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ ግምት ውጤት በትምህርት ዕድሜ ይታያል። እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው የአምስት ዓመት ሴቶች ልጆች «እጅግ ብልህ» ሲባል እንደ ወንዶቹ ሁሉ የራሳቸውን ጾታ ያስባሉ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ብልህነትን ከራሳቸው ጾታ ጋር የሚያያይዙት ያንሳሉ። «ለብልሆች የተዘጋጀ» ከተባለ ጨዋታም መሸሽ ይጀምራሉ።

ወደ ጣና ዳርቻ ሲመለሱ ደግሞ በቤተ ሙከራ የማይታይ አንድ ነገር አለ። በመንገድ ዳር ቆሞ ማሽን የሚያየው ማን ነው? ከቤት እንዲወጣ የተፈቀደለትና ጊዜ ያለው ልጅ ነው። በገጠር ወንዱ ልጅ ጥጃና በግ ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ትራክተሩ ሲያልፍ በመንገዱ ላይ ያገኘዋል። በዚያው ሰዓት እህቱ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሿን ታዝላለች፣ ከእናቷ ጋር ጓዳ ትውላለች። ትራክተሩን ያላየችው ስለማይስባት ነው ማለት አይቻልም። እንደዚሁም ወንዱ ልጅ እቃቃ ቢያምረው «ምን፣ አንተ ሴት ነህ?» የሚለው ሳቅ ይጠብቀዋል። በመንገድ ዳር የቆሙትን ቆጥሮ «ይህ የወንድ ፍላጎት ነው» የሚል ሰው የቆጠረው ፍላጎትን ብቻ ሳይኾን ፈቃድንም ጭምር ነው።

የሥራ ክፍፍሉ ራሱ ከአገር አገር መለያየቱም ሊጤን ይገባል። በአማራ ክልል ጥጥ መፍተል የሴት፣ ሸማ መሥራት የወንድ ሥራ ኾኖ ኖሯል። በሌሎች በርካታ የዓለም ክፍሎች ግን ሽመና የሴቶች ሙያ ነው። በየገበያው በስፌት መኪና ልብስ የሚሰፉት በብዛት ወንዶች ናቸው፤ በሌላ አገር ያው የስፌት መኪና የሴት ዕቃ ተብሎ ይታወቃል። ምግብ ማብሰል በቤት የሴት፣ በትልልቅ ሆቴሎች ግን የወንድም የተከበረ ሙያ ነው። የሙያ ድርሻ በደም ብቻ የሚወሰን ቢኾን ኖሮ ድንበር ሲሻገር ባልተለዋወጠ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ድምዳሜ ሁለቱንም ወገኖች በከፊል ትክክል ያደርጋል። በወንዶችና በሴቶች ልጆች የመጫወቻ ምርጫ መካከል በአማካይ ሲታይ ልዩነት አለ፤ ተፈጥሮም የራሷ ድርሻ አላት። አማካይ ግን ስለ አንድ ልጅ አይናገርም። በአንድ መንደር ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይረዝማሉ ማለት ከወንዶች የምትረዝም ሴት የለችም ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ዝንባሌ ችሎታ አይደለም። ቀድሞ ያለውን ትንሽ ዝንባሌ ወደ አጥር የሚለውጠው በየቀኑ የሚሰጥና የሚከለከል ነገር ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ የራሷ ምስክር አላት። ትውልዳቸው ባሕር ዳር የኾነው ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ አውሮፕላን የማብረር ሕልም ነበራቸው። ጥቅምት 4/2003 ዓ.ም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመኾን በቁ። ኅዳር 8/2008 ዓ.ም ደግሞ ሙሉ በሙሉ በሴቶች የተመራውን የአየር መንገዱን የመጀመሪያ በረራ ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ በካፒቴንነት መርተዋል። ከእሳቸው ብዙ ዓመታት ቀድመው፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ ሙሉእመቤት እምሩ የአውሮፕላን አብራሪነት ሥልጠና ወስደው ስማቸውን በታሪክ አስመዝግበዋል። ከሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ዘመን ግን የሚያሳየው የሴቶችን ፍላጎት ማነስ ሳይኾን የበሩን ጥበት ነው።

ጉዳዩ ለአርሶ አደሩ ይበልጥ ይቀርባል። በክልሉ ሴት ሞፈር አትይዝም የሚለው ልማድ የቆየ ነው። በዚህ የተነሣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት የራሷ መሬት እያላት አራሽ ፍለጋ ትወጣለች፤ ካጣችም መሬቷን ለሌላ ሰጥታ ከምርቱ ተካፋይ ብቻ ትኾናለች። በየዓመቱ ከገዛ ማሳዋ ግማሹ እህል ወደ ሌላ ጎተራ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ትራክተርና ኮምባይነር በሬን እየተኩ ባሉበት ወቅት አሮጌው ልማድ ለመሪና ለማርሽ አይሠራም። ትራክተር የሚጠይቀው ሥልጠና እንጂ የክንድ ብርታት አይደለም። ሴት ልጅ ከሕጻንነቷ ጀምሮ «ማሽን የወንድ ነው» ተብላ ካደገች ግን እናቷ በሞፈር ያጣችውን እሷ በመሪ ታጣዋለች።

ኪሳራው የሴቶች ብቻ አይደለም። ሕጻን ማዘልና ወጥ መሥራት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ወንድ ልጅ ነገ ለብቻው ሲኖር ይቸገራል፤ ሚስቱ ስትታመም ግራ ይገባዋል። አሻንጉሊት ማባበል ለአባትነት የመጀመሪያው ልምምድ እንጂ ውርደት አይደለም።

ወላጆች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። የሽቦውን መኪናም ኾነ የጨርቁን አሻንጉሊት ለወንዱም ለሴቷም እኩል አቅርቦ የሚመርጡትን መመልከት ይቻላል። ልጅ ከመረጠው ጨዋታ በሳቅ አለመመለስ፣ ማሽን ለማየት ሲኬድ ሴቷንም አስከትሎ መሄድ፣ የተበላሸ ቧንቧ ወይም ብስክሌት ሲጠገን እሷም መፍቻ እንድታቀብል ማድረግ ብዙ ይለውጣል። ከ200 በላይ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ሥራ እንዳረጋገጠው ቅርጽንና ቦታን በአእምሮ የማገናዘብ ችሎታ በልምምድ ያድጋል። ይህ ችሎታ ለምህንድስናም ለሹፍርናም መሠረት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ለሁሉም ልጅ ያስፈልጋል። የከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪ ከፊቱና ከኋላው አጠገብ የቆመን ትንሽ ልጅ ላያይ ይችላል። ኤክስካቫተር ክንዱን ሲያዞር ወደየት እንደሚያዞር ልጅ አያውቅም። ስለዚህ ልጆች ማሽን ማየት ያለባቸው ከአዋቂ ጋር፣ ከአጥሩ ውጭ፣ በቂ ርቀት ላይ ቆመው ነው።

ልጁ ወንድም ይሁን ሴት ማሽኑን ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ነገር እንዴት ይሠራል? ጥያቄውን የሰማ ወላጅ የማንኛቸውም መኾኑን ሳይለይ ሊመልሰው ይገባል።