«የሌሊቱ መብራት ነፃ ነው» ሲባል የቀኑን ማን ይከፍላል?

ሜስኪት ውስጥ ቤት የተከራየ ወይም የገዛ ሰው ይህችን ማባበያ ሳይሰማት አይቀርም፦ «ከምሽት እስከ ንጋት መብራት በነፃ!» በር አንኳኩቶ የሚያስፈርም ሻጭ አለ፤ በስልክ የሚያባብልም አለ። እና ያዋጣል ወይ? ለአንዳንዱ ቤት በደንብ ያዋጣል። ለብዙዎቻችን ግን፣ በተለይ ሌሊት ሠርተን ቀን ለምንተኛው፣ በነፃ ስም የሚመጣ ዕዳ ነው።

በመጀመሪያ የገበያውን ነገር እንይ። ቴክሳስ በ1999 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከጥር 2002 ጀምሮ የመብራት ሽያጭን ለውድድር ከፈተች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሜስኪት ምሰሶው፣ ሽቦውና ቆጣሪው በአብዛኛው የኦንኮር ነው። መብራቱን የሚሸጡልን ግን ሌሎች ብዙ ኩባንያዎች ናቸው፤ የምንመርጠውም እነሱን ነው። ጎረቤታችን ጋርላንድ ደግሞ ከተማው የራሱ መብራት ኃይል ስላለው አብዛኛው ነዋሪ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጋርላንድ ወዳጃችሁ የሚሰጣችሁ ምክር ለእናንተ ቤት ላይሠራ ይችላል።

ሌሊቱ ለምን ይረክሳል? ምክንያቱም ሰው ይተኛል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ በምዕራብ ቴክሳስ ያለው ነፋስ ግን ሌሊት ይበረታል። ቀን፣ በተለይ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ፣ የክፍለ ሀገሩ ኤሲ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ነሐሴ 10 ቀን 2023 የቴክሳስ ፍላጎት 85,508 ሜጋዋት ደርሶ ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኩባንያው እንግዲህ ርካሹን ሰዓት በነፃ ይሰጣችሁና ውዱን ሰዓት ጨምሮ ይሸጥላችኋል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራው። ቤታችሁ በወር 1,500 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ቀንም ሌሊትም 15 ሳንቲም በሆነ ውል 225 ዶላር ትከፍላላችሁ። በ«ሌሊት ነፃ» ውል የቀኑ ዋጋ 26 ሳንቲም ቢሆንና ከፍጆታችሁ 60 በመቶው በቀን ቢውል፣ 900 በ26 ሲባዛ 234 ዶላር ይመጣል። ነፃ ተብሎ 9 ዶላር ተጨመረባችሁ ማለት ነው። የቀኑን ወደ 50 በመቶ ብታወርዱት ግን 195 ይሆናል፤ አሁን 30 ዶላር ተረፋችሁ። ጉዳዩ ያለው እዚያች መቶኛ ላይ ነው። በአንዳንዱ ውል ደግሞ የማስተላለፊያው ክፍያ በነፃውም ሰዓት ይቆጠራል። ይህንን ከመፈረም በፊት ጠይቁ።

ብዙ ሰው «እንጀራውን ሌሊት እጋግራለሁ» ይላል። ልብ በሉ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ነው። ሁለት ሰዓት ብትጋግሩ 3 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ15 ሳንቲም 45 ሳንቲም ነው። ለዚህ ብሎ እኩለ ሌሊት ሊጥ መቅዳት ከአንጀት ጠብ አይልም። ገንዘቡን የሚበላው ኤሲው ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ኤሲ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 28 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ 4 ዶላር ከ20፣ በወር 126 ዶላር። ከእሱ ቀጥሎ የውሃ ማሞቂያውና የልብስ ማድረቂያው ይመጣሉ፤ እነዚህን ወደ ሌሊት ማዞር ይቻላል። ኤሲውንም ነፃው ሰዓት ከማለቁ በፊት ቤቱን በደንብ እንዲያቀዘቅዝ አድርጎ ቀን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል። ከአገር ቤት የመጡ እናት አባት ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ግን በነሐሴ ቀትር ኤሲ ማጥፋት ቁጠባ አይደለም፤ አደጋ ነው።

እንግዲህ በኤርፖርት፣ በመጋዘን፣ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ እናንተ ቀን ኤሲ ከፍታችሁ ነው የምትተኙት። ነፃው ሰዓት ቤቱ ባዶ ሲሆን ያልፋል፤ ውዱን ሰዓት ትጠቀሙበታላችሁ። ለእናንተ ቋሚ ዋጋ ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ቤት ለሚውል፣ በዚያው ለሚያጥብና ለሚጋግር ቤተሰብ ግን «ቅዳሜና እሑድ ነፃ» የሚለው ውል ሊያዋጣ ይችላል።

ሰዓቱንም በትክክል ያዙ። ውሉ ላይ «ማታ 8» ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በስልክ እናትን እያዋሩ ሰዓት መቀላቀል የለመደ ሰው በዚህ ሊሳሳት ይችላል።

በሰዓት የሚለዋወጥ ዋጋ እስከየት ሊሄድ እንደሚችል በየካቲት 2021 አይተናል። ግሪዲ የሚባለው ኩባንያ ደንበኞቹን በጅምላ ገበያው ዋጋ ያስከፍል ነበር፤ በደህናው ቀን ርካሽ ነበር። በበረዶው ሳምንት ዋጋው በኪሎዋት ሰዓት 9 ዶላር ደረሰና የሺዎች ዶላር ቢል የደረሳቸው ሰዎች ነበሩ። ኩባንያው ከሰረ፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤትም ያንን ዓይነት ውል ለመኖሪያ ቤት ከለከለ። የ«ሌሊት ነፃ» ውል እንደዚያ አይደለም፤ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ግን ማንበብ ይፈልጋል።

የራሳችሁን መቶኛ ለማወቅ ስማርት ሜትር ቴክሳስ በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ተመዝገቡ። ቆጣሪው በየ15 ደቂቃው የመዘገበውን ያሳያችኋል፤ የነሐሴን ወር ተመልከቱ። ውል ለማወዳደር የክፍለ ሀገሩ «ፓወር ቱ ቹዝ» አለ። እዚያ ላይ በጣም ርካሽ ሆኖ የሚታየውን ጠርጥሩ፤ ልክ 1,000 ኪሎዋት ሰዓት ሲሞላ ብቻ ቅናሽ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል፤ 990 ከሆነ ቅናሹ የለም። ሕጉ እያንዳንዱ ውል በ500፣ በ1,000 እና በ2,000 ዋጋው ስንት እንደሚሆን እንዲጻፍ ያስገድዳል። ሦስቱንም እዩ።

አገር ቤት ላላችሁ፦ የኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በሰዓት ሳይሆን በመጠን ነው የሚጨምረው። እኩለ ሌሊት መጋገር ምጣዱ ቶሎ እንዲግል ይረዳ ይሆናል እንጂ ቢሉን አይቀንስም።

የሜስኪት ሰው፣ ፈርማችሁ ከሆነና ኩባንያ የቀየራችሁ ከሆነ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። ቤት ከለቀቃችሁም ቅጣት የለም። ውሉ ሊያልቅ 14 ቀን ሲቀረው ደግሞ ያለ ቅጣት መውጣት ይቻላል፤ ያንን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ዝም ካላችሁ በየወሩ ወደሚቀያየር፣ ብዙ ጊዜም ወደሚወደድ ዋጋ ያዛውሯችኋል።