ባጃጅ በፒስታ መንገድ፤ ይነዳ ወይስ ይጫን?

አዲስ አበባ ላይ ባጃጅ ገዝቶ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወስድ ነጋዴ ከሻጩ ጋር ዋጋ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ሒሳብ ይጠብቀዋል። ተሽከርካሪው በአይሱዙ ተጭኖ ይሂድ ወይስ እየተነዳ? የጭነቱ ኪራይ ወዲያው ከኪስ የሚወጣ በመሆኑ መንዳቱ ይመረጣል። መንገዱ እስከ መጨረሻው አስፋልት ከሆነ ምርጫው ሊያዋጣ ይችላል። የመጨረሻው 100 ወይም 150 ኪሎ ሜትር ፒስታ ከሆነ ግን የተረፈ የመሰለው ገንዘብ በጎማ፣ በኩሽኔታና በአሞርዛተር መልሶ ሊወጣ ይችላል።

ምክንያቱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። የዚህ ዓይነቱ ተሽከርካሪ ዘር የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ካወጣው «አፔ» የሚመዘዝ ሲሆን፣ የታሰበውም ቀላል ጭነት ይዞ አጭር መንገድ ለመመላለስ ነው። የባጃጅ ቸርኬ 8 ኢንች ብቻ ስለሆነ አይሱዙ ሳይሰማው የሚያልፈው ጉድጓድ ለባጃጅ ገደል ነው።

ሁለተኛው ችግር የጎማዎቹ አቀማመጥ ነው። መኪኖች ፒስታ ላይ ሲመላለሱ ሁለት የጎማ መስመር ያበጃሉ፤ በመሐሉ ጠጠርና ልል አፈር ይከመራል። የባጃጅ ሦስት ጎማዎች ግን ሦስት የተለያየ መስመር ይረግጣሉ። በመሆኑም ሁልጊዜ ቢያንስ አንዱ ጠጠር ላይ ይሄዳል። መሪው የሚታዘዘው ለፊተኛው ጎማ ስለሆነ ለስላሳውን መስመር ለእርሱ መስጠት ይሻላል።

ከንብረት አልፎ ሕይወት የሚያሰጋው ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ ነው። ፊት ለፊት የሚደግፈው አንድ እግር ብቻ በመሆኑ፣ እየታጠፈ ፍሬን የተያዘ ባጃጅ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ተጭኖ ሊገለበጥ ይችላል። ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከኩርባው በፊት ነው። ቁልቁለት ላይም በፍሬን ብቻ መውረድ ፍሬኑን አግሎ ኃይሉን ያሳጣዋል፤ ዳገቱ በሚወጣበት ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገባል።

ሞተሩ ከኋላ፣ ጎማዎቹ አቧራ በሚያስነሱበት በኩል ይገኛል። ከጭነት መኪና ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ያን ሁሉ አቧራ ለአየር ፊልትሮው ያጠጣዋል። በዚህ ላይ አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ 1 ሺህ ኪሎ ሜትሮች ያህል ሳይጨናነቅ መለማመድ አለበት።

ሒሳቡ ሲሠራ ታዲያ የጭነት ኪራይን ከቤንዚን ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየተሄደ 150 ኪሎ ሜትር ፒስታ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሹፌር አበል፣ አልጋ፣ የጎማ ጥገናና የመለዋወጫ ወጪ ይጨመራሉ። ባጃጁ ጋራዥ የሚቆምበት እያንዳንዱ ቀን ደግሞ ባለንብረቱ የዕለት ገቢ የሚያጣበት ቀን ነው። በብድር የተገዛ ከሆነ የአበዳሪው ቀጠሮ ጥገናውን አይጠብቅም።

የግድ መንዳት ካስፈለገ ባዶውን፣ ያለ ተሳፋሪና ያለ ዕቃ፣ በቀን ብርሃን ይነዳ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስና የሰሌዳ ወረቀት አስቀድሞ ይሟላ። ሦስቱም እግሮች አንድ ዓይነት ጎማ ስለሚያደርጉ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁሉም ይበቃል፤ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ ካንዴላ፣ የነዳጅና የፍሪሲዮን ገመድ ግን መያዝ አለባቸው። ማታ ማታ ፊልትሮው ይጽዳ፤ ብሎኖች ይጥበቁ። ከተደረሰም በኋላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዘይቱ ይቀየር።

ያገለገለ ባጃጅ ለሚገዛና ለሚያሻሽጥ ደላላም ይህ ዕውቀት ይጠቅማል። የፊቱን እግር ከመሬት አንሥቶ ጎማውን ወዲያና ወዲህ መነቅነቅ የኩሽኔታውን ሁኔታ ይናገራል። የወለሉንና የአሞርዛተር ማሰሪያዎቹን ብየዳ ጎንበስ ብሎ ማየትም ያስፈልጋል። አዲስ ቀለም ፒስታን ይሸፍናል፤ የተሰነጠቀ ብየዳ ግን ያጋልጠዋል።